ውሃውን በሲኒ መለካት፦ ለግቤ፣ ለጎጀብና ለዴዴሳ ዓሣ የማባበያ ቀለም አመራረጥና አወራወር

ሣጥኑን ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው የላከልኝ። ስከፍተው 9 ማባበያዎች፣ ማለትም ዓሣው ምግብ መስሎት የሚነክሳቸው ባለ መንጠቆ የፕላስቲክ ዓሦች፣ ተደርድረዋል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ብርማ፣ አንዱ እንዲያውም ሐምራዊ ሆኖ የሚያብረቀርቅ። ግንቦት ማለቂያ ላይ ይዣቸው ጎጀብ ወረድኩ። ዝናቡ ጀምሯል፤ ወንዙ የቡና አተላ መስሏል። እኔ ግን ሰማያዊውን ወረወርኩ፣ ሐምራዊውን ወረወርኩ፣ ቀዩን ወረወርኩ። ከእኔ ዝቅ ብሎ ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ በቀርከሃ ዘንግና በትል ባርበስ የሚባለውን ዓሣ 3 አወጣ። ኋላ መጥቶ ሣጥኔን በአድናቆት ሲያይ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ዓሣው ይሄን ያየዋል እንዴ?» አለኝ። እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩት። ከአንጓዬ በታች ጣቶቼ አይታዩም።

የቀለም ነገር የሚጀምረው ከልጁ ጥያቄ ነው። ሱቅ ውስጥ ያማረው ቀለም ሳይሆን፣ በዚያ ቀን፣ በዚያ ውሃ ውስጥ ለዓሣው የሚታየው ነው ቀለም። ይህን ለማወቅ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አያስፈልግም፤ አንድ ነጭ ሲኒ፣ ትንሽ ገመድ፣ የሻይ ማንኪያና የጥፍር ቀለም ይበቃል።

በመጀመሪያ፦ የትኛውን ዓሣ ነው የምትፈልጉት?

ጅማ ላይ የተቀመጠ ሰው ዕድለኛ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ግልገል ግቤ አለ፣ በቦንጋ መንገድ ጎጀብ፣ አጋሮን አልፎ ወደ በደሌ ሲኬድ ዴዴሳ። ሁለቱ ወደ ኦሞ ወርደው ቱርካና ሐይቅ ይገባሉ፤ ዴዴሳ ግን ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው። ከአንድ ከተማ ተነስቶ ጠዋት የቱርካናን ውሃ፣ በማግስቱ የሜዲትራኒያንን ውሃ ማጥመድ ይቻላል ማለት ነው። ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈውን አዌቱን ተዉት፤ የከተማው ቆሻሻ የሚገባበት ውሃ ነው፣ የሚበላ ዓሣ አይወጣበትም።

በማባበያ የሚያዘው ዋናው ዓሣ ባርበስ ነው፤ ጣና ላይ ነጭ ዓሣ፣ ዝዋይ ላይ ቢልጫ የሚሉት ወገን። ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ ትልልቁ ግን ትንንሽ ዓሣ ያሳድዳል፣ ስለዚህ የሚያብረቀርቅና የሚንቀሳቀስ ነገር ያታልለዋል። ቆሮሶ (ጢላፒያ) በአብዛኛው የሚኖረው በአልጌና በጥቃቅን ነገር ስለሆነ ለማንኪያ (ከሻይ ማንኪያ ለሚሠራው ማባበያ) ግድ የለውም፤ እሱን በትል ወይም በሊጥ ነው። አምባዛ ደግሞ የማታ ዓሣ ነው። በአፉ ዙሪያ 8 ጢም አለው፣ በእነሱ እየዳሰሰና እያሸተተ ይመገባል። ለአምባዛ ቀለም መምረጥ ለዓይነ ስውር ነጠላ ጥለት እንደ ማማረጥ ነው፤ የሚሸት ነገር አቅርቡለት።

ስለ ማባበያ ቀለም በዓለም ላይ የሚነገረው ብዙው ነገር የመጣው ከሰሜን አሜሪካ፣ ዎልአይ ከሚባል የወንዝና የሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ነው። ሚኔሶታ እ.ኤ.አ. በ1965 የግዛቷ ዓሣ አድርጋዋለች። የዎልአይ ዓይን ከኋላው ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው በባትሪ ሲበራበት እንደ ድመት ዓይን ያበራል፤ በድፍርስና በጨለማ ውሃ ውስጥ ሌላው ዓሣ ሳያየው የሚያድነው በዚህ ነው። በደንብ የሚለየው ቀለም ብርቱካናማና አረንጓዴ ስለሆነ ሰዎቹ ብርቱካናማና ቢጫ አረንጓዴ ማባበያ ይወዳሉ። ምክራቸውን እንዳለ ገልብጦ ጎጀብ ላይ መጠቀም ግን አይሠራም። የእኛ ባርበስ የካርፕ ቤተሰብ ነው። ከዚያ ቤተሰብ በደንብ የተጠናው ወርቃማው ዓሣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ይለያል፣ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት እንኳ ያያል። በቀለም የማየት አቅሙ የሚጠረጠር ዘር አይደለም። የሚያስቸግረው ውሃው ነው።

1. ውሃውን በሲኒ ለኩ

ነጭ የቡና ሲኒ ውሰዱ፤ ጠርዙ የተሸረፈ ቢሆን ግድ የለም። ነጭ ሽንኩርት የሚሸጥባትን የላስቲክ መረብ አግኙና ከታች ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ላይ ሲኒውን አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ክተቱ። በሲባጎ እሰሩት። ሲባጎው ላይ በየስንዝሩ ቋጠሮ ቋጥሩ። ስንዝር እንደ ሰው እጅ ቢለያይም 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ስንዝር ተኩል አንድ ክንድ ይሆናል፣ ግማሽ ሜትር ያህል።

ወንዙ ዳር ጥላ ያለበትን ቦታ ምረጡ፤ ፀሐይ ፊቱን ካበራው ነጸብራቁ ያታልላል። ሲኒውን ቀስ እያደረጋችሁ አውርዱ። ነጩ ሲጠፋባችሁ ቋጠሮውን ያዙ፤ ትንሽ አውርዱትና መልሳችሁ ሳቡት፣ እንደገና ብቅ ሲል ደግሞ ያዙ። የሁለቱ መሐል የውሃው ጥራት ነው። ነገሩ የኔ ፈጠራ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1865 አንጀሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሰው በነጭ ሰሌዳ ባሕር የለካበት ዘዴ ነው፤ የውሃ ባለሙያዎች ዛሬም ይሠሩበታል። ሲኒው የጅማ ጭማሪ ነው።

ሲኒውን ስትለኩ ውሃው ምን እንደሚመስልም ልብ በሉ። ድፍርስ ቀይ አፈር ነው? ቀይ ሻይ የመሰለ ግን ጥርት ያለ? ወይስ እንደ ግድቡ ዳር ውሃ አረንጓዴ? ሦስቱም ብርሃንን የሚውጡት በየራሳቸው መንገድ ነው። ጥርት ያለ ውሃ ቀይን ቀድሞ ይውጣል፣ ሰማያዊን ወደ ታች ያሳልፋል፤ በባሕር ውስጥ ሁሉ ነገር ሰማያዊ የሚመስለው ለዚህ ነው። አፈር የተሸከመ ወንዝ ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ ሰማያዊውና ሐምራዊው ከላይ ይቀራሉ፣ ወደ ታች የሚደርሰው ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ነው። ያቺ ሐምራዊ የምታብረቀርቅ ዓሣዬ ጎጀብ ውስጥ ጥቁር ጭራሮ ነበረች ማለት ነው።

ማመን ካቃታችሁ ይህን ሞክሩ። ባዶ ሃይላንድ የወንዙን ውሃ ሙሉበት። ሁለት ማንኪያ፣ አንዱን በሰማያዊ፣ ሌላውን በብርቱካናማ የጥፍር ቀለም ቀብታችሁ ከጠርሙሱ ኋላ ያዙና ብርሃኑን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ በውሃው ውስጥ አሻግራችሁ እዩ። ሰማያዊው ወደ ግራጫ ሲሞት፣ ብርቱካናማው እንዳለ ይቆያል። በጠርሙስ ወርድ ይህን ያህል ከለወጠ አንድ ሜትር ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት።

2. በመለኪያው መሠረት ቀለሙን ምረጡ

*ሲኒው ከ1 ስንዝር በፊት ከጠፋ።* ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ አንዳንዴም በመጋቢትና በሚያዝያ ዝናብ ማግስት እንዲህ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ቀለም የሚባል ነገር የለም፤ ጥላ ነው ያለው። ጥቁር ያዙ። ዓሣው ከታች ሆኖ ወደ ላይ ሲያይ የውሃው ፊት ደብዛዛም ቢሆን ብርሃን አለው፣ በዚያ ላይ ከሁሉ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ጥቁር ነው። አማራጩ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ ነው። መጠኑን ከፍ አድርጉ፣ አሳሳቡን አዝግሙ፣ ውሃውን የሚያንቀጠቅጥ ሰፋ ያለ ማንኪያ ተጠቀሙ፤ ዓሣ በጎኑ ባለው መስመር የውሃን ንዝረት ስለሚሰማ ሳያይም ይደርስበታል። እውነቱን ለመናገር ግን በዚህ ውሃ እኔ ማንኪያዬን ቤት ትቼ ትል ይዤ ነው የምወጣው፣ አምባዛ ፍለጋ።

*ከ1 ስንዝር እስከ 1 ክንድ።* ምርጡ ውሃ ይሄ ነው። ከመስከረም ማለቂያ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ወንዞቹ ሲጎድሉ፣ ወይም በበጋ ያልተጠበቀ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ ታገኙታላችሁ። ዓሣው የሚያይበት ያህል ጥራት አለ፣ ሰውን ከዳር ቆሞ የሚለይበት ያህል ግን አይደለም። ወርቅማ፣ ናስ፣ መዳብ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ። ብር የመሰለ ማንኪያ እዚህ ውሃ ውስጥ ይገረጣል፤ መልሶ የሚያንጸባርቀው የሚደርሰውን ብርሃን ስለሆነ ራሱ የሻይ ቀለም ይይዛል። ናስ ግን ቀድሞውኑ የዚያ ብርሃን ዘመድ ነው።

*ከ1 ክንድ በላይ።* ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት። ወንዙ ቀጥኗል፣ ድንጋዩ ይታያል፣ እናንተም ትታያላችሁ። ደማቅ ቀለም እዚህ ዓሣ ያስደነግጣል እንጂ አይጠራም። ብርማ፣ ነጭ፣ ጀርባው ጥቁር ቡናማ ሆኖ ሆዱ የነጣ፣ የዳሩን ትንንሽ ዓሦች የሚመስል ያዙ። መጠኑንም አሳንሱ፤ ከትንሽ ጣት ግማሽ የማይበልጥ።

ሰዓቱ ደግሞ ይህን ሁሉ ሊሽር ይችላል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጎሕ ሲቀድና ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ስትገባ፣ ውሃው ምንም ያህል ቢጠራ፣ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ይበልጣል፤ ምክንያቱ ያው የጥላው ነገር ነው። የእኛ ምሽት ደግሞ አጭር ነው። ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወድቀው፤ ዎልአይ አጥማጆች በእነሱ በጋ ከእኛ የረዘመ ድንግዝግዝ አላቸው፣ እኛ ግማሽ ሰዓት አይሞላንም። ስለዚህ ጥቁሯን ማንኪያ 12 ሰዓት ሳይሞላ አስራችሁ ጠብቁ። በጨለማ ክር ስትፈቱ ያቺ ሰዓት ታልፋለች።

3. ማባበያውን ራሳችሁ ሥሩ

ጅማ ውስጥ ማባበያ የሚሸጥ ሱቅ ፈልጋችሁ አትድከሙ። መንጠቆና ናይለን ከተገኘ ሌላው ከቤት ይወጣል።

ሂርማታ ገበያ ሄዳችሁ ከሁሉ ርካሹንና ስሱን የሻይ ማንኪያ ግዙ። ወፍራሙ ይከብዳል፣ ውሃ ውስጥም አይወዛወዝም፤ እንደ ድንጋይ ይሰምጣል። እጀታውን በሴጌቶ ቁረጡና ጎድጓዳው ብቻ ይቅር። ሞርሳ ከሌላችሁ ማንኛውም ብረት ቤት በደቂቃ ይቆርጥላችኋል። በሁለቱ ጫፎች፣ ከጠርዙ አንድ የገብስ ፍሬ ያህል ገባ ብላችሁ፣ አንድ አንድ ቀዳዳ አስበሱ። ጠርዙን በሞረድ አለስልሱት፤ ይህን ሳታደርጉ ቀርታችሁ ክሩ በመጀመሪያው ዓሣ ቢበጠስ ማንንም አትውቀሱ። በቀጭኑ ጫፍ ክሩ፣ በሰፊው ጫፍ መንጠቆው ይሁን። ለማያያዣ የቁልፍ መያዣ ትንንሽ ቀለበቶች ይሠራሉ። ባለ አንድ ጣት መንጠቆ እመርጣለሁ፤ ባለ ሦስቱ ዓሣን ብቻ ሳይሆን በወንዙ ያለውን ግንድ ሁሉ ይይዛል።

የመንጠቆውን መልሶ የሚይዝ እሾህ በፒንሳ ጨፍልቁት። ዓሣው ትንሽ ከሆነ ሳይቆስል ይመለሳል፣ ጣታችሁ ላይ ከገባም ወደ ጤና ጣቢያ ሳትሄዱ ይወጣል። ይህን የተማርኩት በአውራ ጣቴ ነው።

አሁን ቀለሙ። ማንኪያውን በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርጉ፣ ቅባቱን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ። የጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ ስስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ አንዴ በወፍራሙ ከተቀባ ይላጣል። ማንኪያውን ግን ሙሉ በሙሉ አትሸፍኑት። የሆዱን ጎን ብረት እንደሆነ ተዉት፣ የጀርባውን ብቻ ቀቡ፤ ሲገለባበጥ አንዴ ብልጭ፣ አንዴ ጥላ ይሆናል፣ የሚቀሰቅሰውም ይሄ መቀያየር ነው። አምስት ይበቃል፦ አንድ ጥቁር፣ አንድ ብርቱካናማ፣ አንድ ቢጫ፣ አንድ ነጭ፣ አንድ ራቁቱን የቀረ። የናስ ቁራጭ ከተገኘ ስድስተኛ ይሁን።

ሌላው የላባ ማባበያ ነው፤ በጠራ ውሃ ከማንኪያ የሚሻል ይመስለኛል። ከተቃጠለ ሞተር የሚወጣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በመንጠቆው አንገት ላይ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙ፤ ክብደት ይሰጣል፣ ያብለጨልጫል። ከበላዩ ከአውራ ዶሮ አንገት የተነቀለ ረዘም ያለ ላባ በስፌት ክር እሰሩና ጫፉን በጥፍር ቀለም አጣብቁት። ለበዓል ዶሮ ሲታረድ ላባው ከመጣሉ በፊት ጥቁሩን፣ ገብስማውንና ነጩን ለይታችሁ አስቀምጡ። አንዳንዶች እርሳስ ቤት ውስጥ አቅልጠው ክብደት ይሠራሉ፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ማድ ቤት አይሞከርም።

ክሩ 0.25 ወይም 0.30 ሚሊ ሜትር ናይለን ይሁን። ማንኪያ እየተሽከረከረ ክሩን ስለሚያጠማዝዝ፣ ከማንኪያው አንድ ክንድ ከፍ ብላችሁ የሚሽከረከር ማያያዣ ብትጨምሩ ጥሩ ነው። ሪል (ክር የሚጠቀለልበት መዘውር) ያለው በሪል፤ የሌለው ክሩን በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ላይ ጠቅልሎ፣ ጣሳውን በአንድ እጁ አፉን ወደ ወንዙ አዙሮ ይዞ በሌላው መወርወር ይችላል። ክሩ ከጣሳው ላይ በራሱ እየተፈታ ይሄዳል። ከሪል ብዙም አያንስም።

4. ዓሣው የሚቆምበትን ፈልጉ

ቀለሙ ተመርጦ ቦታው ከተሳሳተ ሁሉም ከንቱ ነው። ዓሣ እንደ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ዳገት አይሮጥም። ከድንጋይ ኋላ፣ ከወደቀ ግንድ ሥር፣ ከድልድይ ምሰሶ ጥላ ይቆምና ፈጣኑ ውሃ የሚያመጣለትን ይጠብቃል።

አረፋውን ተከተሉ። ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ የሚዋሰኑበት ላይ አረፋና ቅጠል በመስመር ተሰልፈው ይሄዳሉ፤ የዓሣው ምግብም የሚሄደው በዚያው መስመር ነው። ዓሣው ከመስመሩ ወዲህ፣ ዝግተኛው ውሃ ውስጥ፣ ፊቱን ወደ ላይኛው ተፋሰስ አዙሮ ቆሟል። ስለዚህ ከኋላው፣ ከታች በኩል ሆናችሁ ቅረቡት። በጠራ ውሃ ጊዜ ጎንበስ ብላችሁ፣ ጥላችሁ ውሃ ላይ ሳይወድቅ። ነጭ ጋቢ ለብሶ ዳር ላይ የቆመ ሰው ከየትኛውም ማባበያ በላይ ይታያል።

ገባር ወንዝ ዋናውን የሚቀላቀልበትን ስፍራ አትለፉ። ዋናው ወንዝ ደፍርሶ ገባሩ ጠርቶ ከመጣ ሁለቱ ውሃዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ባርበስ ከጠራው ጠርዝ ላይ ይቆማል። እዚያ የምትወረውሩት በጠራው ውሃ ልኬት የተመረጠውን ነው።

ከክረምት ጋር ግን ጥንቃቄ አለ። ባርበስ ለመራባት ወደ ገባሮች የሚወጣው በዝናቡ ወቅት ነው፤ የገባር አፍ ላይ ተሰብስቦ የሚገኘው ያኔ እንቁላሉን ተሸክሞ ነው። ጣና ላይ የሞተር ጀልባና መረብ እ.ኤ.አ. በ1986 ከገባ በኋላ ወደ ወንዝ እየወጡ የሚራቡት የባርበስ ዝርያዎች ክፉኛ መመናመናቸው በጥናት ታይቷል። ሆዱ ያበጠ ዓሣ ካወጣችሁ መልሱት።

ስለ ሰውም ሕይወት አንድ ሁለት ነገር። ቦዬ ረግረግና የግልገል ግቤ ግድብ ሐይቅ ዳር ጉማሬ አለ፤ ጎሕና ምሽት ደግሞ እሱም ለሣር የሚወጣበት ሰዓት ነው። በሣሩ መሐል የተረገጠ ሰፊ መንገድ ካያችሁ የከብት ነው ብላችሁ አትቀመጡበት። ከግድብ በታች ውሃ በድንገት ሊጨምር ስለሚችል አትግቡ። ወባ ስላለ ለምሽት እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ብልሃርዚያ ስላለ ቦት ጫማ።

5. አወራወርና አሳሳብ

ማንኪያውን ከቆማችሁበት ወደ ላይኛው ውሃ ሰያፍ አድርጋችሁ፣ ከምታስቡት ድንጋይ አሳልፋችሁ ወርውሩ። ውሃ ሲነካ ቁጠሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መጀመሪያ መሬት እስኪነካ ቆዩና ስንት እንደፈጀ ያዙ። አምስት ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ አራት ስትሉ መሳብ ጀምሩ፤ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ዓሣው ካለበት ከፍታ በላይ የሚያልፍ ማንኪያ ምንም ቀለም ቢኖረው አይጠቅምም።

ወራጁ ማንኪያውን ወደ እናንተ ያመጣዋል፤ ክሩ እንዳይላላ ብቻ ጠቅልሉ። ከዚያ ከፊታችሁ አልፎ ወደ ታች ሲወርድ መጠቅለሉን አቁሙ። ውሃው ራሱ ማንኪያውን ገፍቶ ቅስት እየሠራ ወደ ዳር ያዞረዋል። አብዛኛው ባርበስ የሚመታው እዚያ መታጠፊያ ላይ ነው፤ ያሳደደው ትንሽ ዓሣ ሊያመልጥ የዞረ ይመስለዋል። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ዓሣውን ለሌላ አጥማጅ ትቶለት ይሄዳል።

የላባው ማባበያ በተቃራኒው ነው። ወደ ታች ይስመጥ፣ የዘንጉን ጫፍ አንድ ስንዝር ከፍ፣ መልሶ ዝቅ፣ ቆም። ዓሣው የሚወስደው ሲወርድ ነው፤ ምልክቱ ምት ሳይሆን የክሩ ድንገት መላላት ነው። ክሩን በጣታችሁ ያዙ።

በእነዚህ ወንዞች ትልቁ ወጪ ግንድ ላይ የሚቀር መንጠቆ ነው። የኔ መፍትሔ ዳዶ ነው። የላባው ማባበያ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ተጨማሪ ክብደት ሲፈልግ፣ የተጣለ የብሎን ዳዶ ከዋናው ክር በሚደክም የስፌት ክር ጎን ላይ እሰሩ። ድንጋይ መሐል የሚሰነቀረው ዳዶው ነው፤ ሳብ ስታደርጉ ደካማው ክር ተበጥሶ ዳዶው ብቻ ይቀራል፣ ማባበያው ይመለሳል። ጋራዥ አጠገብ ያለ ሰው ዳዶ አይቸግረውም።

6. አልይዝ ሲል ምን ይለወጥ?

ብዙ ሰው ዓሣ ሲጠፋ መጀመሪያ ቀለም ይለውጣል። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የምለውጠው። መጀመሪያ ጥልቀቱን፦ ቆጠራውን በአንድ ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ቀጥሎ ፍጥነቱን። ከዚያ ቦታውን፣ አሥር እርምጃ ወደ ላይ። ከዚያ መጠኑን። ይህ ሁሉ ሆኖ አልያዝ ካለ ያን ጊዜ ቀለም፤ ለውጡም የጨከነ ይሁን፦ ከብርቱካናማ ወደ ቢጫ ሳይሆን ከደማቅ ወደ ጥቁር። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አትለውጡ፤ ዓሣ ቢይዝ እንኳ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ዓሣ ተከትሎ መጥቶ ሳይነካ ከተመለሰ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቦታውም ጥልቀቱም ልክ ነው፤ ያልወደደው የቀረበለትን ነው። ያኔ ብቻ ቀለሙን ወዲያው ወደ ደብዛዛው፣ መጠኑን ወደ ትንሹ። ለመቀየር ሲባል ያንን ስፍራ ለአምስት ደቂቃ አሳርፉት።

ደብተር ያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ሲኒው የጠፋበት ቋጠሮ፣ ደመና ወይም ፀሐይ፣ ማንኪያው፣ የተያዘው። ከአንድ በጋ በኋላ ይሄ ደብተር ከዚህ ጽሑፍ ይበልጥባችኋል።

7. ከያዛችሁ በኋላ

ባርበስ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከንፈሩን ይዛችሁ መንጠቆውን ብታወጡ አይነክስም፣ ጣት ወደ ጉሮሮ ግን አታስገቡ። የምትመልሱትን በረጠበ እጅ ያዙ፣ ፊቱን ወደ ወራጁ አዙራችሁ ራሱ እስኪሄድ ቆዩለት። የምትበሉትን ወዲያው ግደሉ፣ ሆድ ዕቃውን እዚያው አውጡ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላችሁ ቅጠሉን ውሃ አርከፍክፉበት፤ በሚኒባስ እስከ ጅማ ይደርሳል። ሥጋው ጣፋጭ ቢሆንም መንታ እሾህ የሞላበት ስለሆነ፣ ቤት ስትደርሱ ጎንና ጎኑን በየጣቱ ስፋት ጥልቅ ጥልቅ አድርጋችሁ ብጡት፤ ስትጠብሱት ዘይቱ ገብቶ ደቃቁን እሾህ ጥርስ እንዲፈጨው ያደርገዋል።

ወንዝ ዳር ከተቀመጡት ሰዎች ምናልባት አንዱ ስለ ብርብራ ያነሳባችሁ ይሆናል። ለቡናችን ጥላ የሆነው ያው ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው መተንፈስ አቅቶት ይንሳፈፋል። አሮጌ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን የእጅ መዳፍ የምታህለውን ዓሣም፣ ጫጩቱንም፣ ዓሣው የሚበላውን ነፍሳትም አብሮ ይጨርሳል። በመርዝና በፈንጂ ማጥመድ በሕግም የተከለከለ ነው፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። ለራሳችሁም ከመውጣታችሁ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፣ በተለይ ግድቡ አካባቢ ከሆነ።

ማንኪያዎቹን እርጥብ እንደሆኑ ሣጥን ውስጥ አትዝጉባቸው፤ መንጠቆው በአንድ ሌሊት ይዝጋል። በጨርቅ ጠርጋችሁ መስኮት ላይ አድርቁ፣ የመንጠቆውን ጫፍ ጥፍራችሁ ላይ አሳርፉና እዩ። ከተንሸራተተ ደንዟል፣ በሞረድ ሁለት ጊዜ ምቱት። የተላጠውን ቀለም ማታውኑ ቀቡት። የኔዋ ጥቁር ማንኪያ ይህን ስጽፍ መስኮቱ ላይ ናት፤ ሐምራዊዋ የላስቲክ ዓሣ ግን የእህቴ ልጅ መጫወቻ ከሆነች ሁለት ዓመቷ ነው፣ መንጠቆዋን ነቅዬ ሰጥቻት።